ሰው ታስሮ ክስ ይመሠረት አይመሠረት እስኪታወቅ፦ ቤተሰብ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ

ሰው ከተያዘበት ሰዓት አንሥቶ ክስ እስኪመሠረትበት ወይም መዝገቡ እስኪዘጋ ያለው ጊዜ ለቤተሰብ እጅግ ከባዱ ነው። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ቢያንስ አንቀጹ ይታወቃል፣ የሚከራከሩበት ወረቀትም እጅ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን የሚሰማው መልስ «ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው» የሚል ብቻ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን መልስ ይዞ፣ ስንቅ እያመላለሰ ይጠብቃል። ስንቁ ያስፈልጋል። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ ሕግ ቆጥሮ የወሰናቸው ቀኖች አሉ፤ የሚቆጥራቸው ሰው ከሌለ ዝም ብለው ያልፋሉ።

በየደረጃው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ መዝገቡ አሁን ማን እጅ ነው? ፖሊስ እጅ ሳለ የሚቆጠረው 48 ሰዓት ነው። ጊዜ ቀጠሮ ችሎት (ምርመራው እስኪያልቅ ሰውየው ታስሮ ይቆይ ወይስ አይቆይ የሚለውን የሚወስነው ችሎት) ከደረሰ በኋላ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ ቀጠሮ ይቆጠራል። ፖሊስ ምርመራውን ጨርሶ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ሲያስረክብ ደግሞ 15 ቀን ይጀምራል። 48 ሰዓቱ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ ያለ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 እና ቁጥር 109 ላይ ይገኛሉ። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፈው ኪስዎ ይያዙ፤ ችሎት ፊት በቃል ለማስታወስ መሞከር ያስቸግራል።

የምንናገረው ስለ መደበኛ የወንጀል ጉዳይ ነው። ሙስናና ሽብር የራሳቸው አዋጅ ስላላቸው በዋስትናና በቀጠሮ ላይ ልዩነት ይኖራል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባለበት ቦታም የ48 ሰዓቱ መብት ሊታገድ ስለሚችል አዋጁን አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቀን

ከሁሉ በፊት የተያዘበትን ሰዓት ይጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን (የቀን ይሁን የሌሊት ለይተው)፣ ቦታውን፣ የያዙት ሰዎች የደንብ ልብስ ለብሰው እንደሆነ፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ ሲያዝ ያየውን ሰው ስም። ይህ የሚጠቅምበት ምክንያት ቀላል ነው። 48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ሰውየው ከተያዘበት ጀምሮ ሲሆን፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ብቻ አይታሰብም። ጣቢያው መዝገብ ላይ የሚገኘው ሰዓት ግን ጣቢያ የገባበት ሊሆን ይችላል። ማታ ተይዞ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የተመዘገበ ሰው ከግማሽ ቀን በላይ ጠፍቶበታል፤ ይህን ማስረዳት የሚችለው ያኔውኑ የጻፈ ሰው ነው።

ከዚያ ወደ ጣቢያው ይሂዱ። የት እንዳለ ካልታወቀ ከአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ይጀምሩና ወደ ክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ኮሚሽኑ ወንጀል ምርመራ ይውጡ። በየሄዱበት የተያዘውን ሰው ሙሉ ስም ከነአያት ይስጡ። ሲያገኙት ሳይጽፉ የማይመለሱባቸው ነገሮች አሉ፦ የመርማሪው ስምና ስልክ፣ የተጠረጠረበት ወንጀል፣ የምርመራ መዝገቡ ቁጥር፣ የሚቀርብበት ፍርድ ቤት ከነቀኑና ሰዓቱ። መርማሪው «ቁጥሩ ገና አልወጣም» ካለ በማግስቱ ተመልሰው ይጠይቁ። ቁጥር የሌለውን ጉዳይ ፍርድ ቤትም ዐቃቤ ሕግም ዘንድ መከታተል ከባድ ነው።

ስንቅና ልብስ ሲያቀብሉ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ የሐኪም ማዘዣውን ቅጂ አብረው ይስጡ፤ ያለ ማዘዣ የተላከ መድኃኒት በር ላይ ይቀራል። የስኳር፣ የአስም ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለበት ለመርማሪው በቃል ከመንገር በተጨማሪ በአጭር ማመልከቻ ያሳውቁ፣ ቅጂውንም ያስቀሩ፤ ኋላ ለዋስትና ክርክርም ይጠቅማል። የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛ፣ በቅርብ ዘመድ፣ በጓደኛ፣ በሃይማኖት አባት፣ በሐኪምና በጠበቃ የመጎብኘት መብት አለው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ በግልጽ ጽፎታል። የተያዘው ልጅ ዕድሜው ከ9 እስከ 15 ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ፍርድ ቤት መወሰድ ስላለበት 48 ሰዓቱን አይጠብቁ። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ደግሞ ኤምባሲው እንዲነገርለት ተጠርጣሪው ራሱ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄውን በጽሑፍ ያድርገው።

ቃል ስለመስጠት

የመጀመሪያው ጉብኝት 5 ደቂቃ ብቻ ቢሆንም ለታሰረው ሰው መነገር ያለበት ይህ ነው። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ አድራሻውንና ሥራውን ይናገር። ስለ ጉዳዩ ግን ዝም የማለት መብት አለው፤ የሚናገረው ሁሉ በማስረጃነት ሊቀርብበት ይችላል። «ጠበቃ ካማከርኩ በኋላ ቃሌን እሰጣለሁ» ማለት በቂ ነው፣ ጥፋትም አይደለም።

ቃል ከሰጠ ከመፈረሙ በፊት የተጻፈውን ያንብብ ወይም ይነበብለት። የማይገባው ቋንቋ ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቅ። ያላለው ነገር ተጽፎ ካገኘ እንዲታረም ይጠይቅ፤ ካልታረመ አይፈርም። ብዙ ሰው ደክሞትና ተጨንቆ «ብፈርም እለቀቃለሁ» ብሎ ይፈርማል። አይለቀቅም። ፊርማው ግን እስከ ፍርድ ድረስ ይከተለዋል። ወደ ፍርድ ቤት ተወስዶ የእምነት ቃል እንዲሰጥ ከተጠየቀ (ቁጥር 35 የሚባለው ነው) ዳኛው በፈቃዱ መሆኑን ይጠይቁታል። ተደብድቦ ወይም ተስፋ ተሰጥቶት ከሆነ የሚናገርበት ቦታ እዚያው ነው።

ከፍርድ ቤት በፊት ያለው ዋስትና

ብዙ ሰው የማያውቀው በር አለ፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 28። ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ፣ ወይም ወንጀሉ መፈጸሙ ወይም ተጠርጣሪው መፈጸሙ አጠራጣሪ ከሆነ መርማሪ ፖሊሱ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል። ስድብ፣ ቀላል ድብደባና መሰል ጉዳዮች ላይ በተግባር ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ዋሱ አብሮ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የቀበሌ መታወቂያ ያለውና ቋሚ ሥራ ያለው ሰው ይዘው ይሂዱ። ከተቻለ የመሥሪያ ቤቱን የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤም ያሲዙት።

ሦስተኛው ቀን፦ ጊዜ ቀጠሮ ችሎት

አዲስ አበባ ውስጥ የፌዴራል ጉዳዮች የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ብዙውን ጊዜ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አራዳ ምድብ ይታያል፤ የከተማው ፍርድ ቤቶችም በከተማው ፖሊስ የሚመረመሩ ጉዳዮችን ጊዜ ቀጠሮና ዋስትና ያያሉ። በክልል የአቅራቢያው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ቅዳሜና እሑድ መሆኑ 48 ሰዓቱን አያቆመውም። ከነሐሴ ጀምሮ ፍርድ ቤቶች በሚዘጉበት ወቅትም ተረኛ ችሎት ይኖራል። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ይድረሱ፤ ተጠርጣሪዎች በቡድን ስለሚመጡና እያንዳንዱ ጉዳይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚወስድ የዘገየ ቤተሰብ «አልቋል» ይባላል።

ችሎቱ ላይ የሚሆነው ይህ ነው። መርማሪው እስካሁን የሠራውንና የሚቀረውን ያስረዳል፦ የምስክሮች ቃል መቀበል፣ ግብረ አበር መያዝ፣ ከባንክ ወይም ከቴሌ ማስረጃ ማስመጣት፣ የሕክምና ማስረጃ ወይም የፎረንሲክ ውጤት። በመጨረሻም 14 ቀን ይጠይቃል። ዳኛው ወደ ተጠርጣሪው ዞረው «ምን ትላለህ?» ይላሉ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ምንም አላደረግሁም» ብሎ ስለ ጉዳዩ ማስረዳት ይጀምራል። ዳኛው ግን በዚያ ቀን ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው አይወስኑም። የሚወስኑት ሰውየው ታስሮ ሳይቆይ ምርመራው ሊካሄድ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ነው። ስለዚህ መልሱ በመርማሪው ዝርዝር ላይ ነጥብ በነጥብ መሆን አለበት። ከባንክ የሚመጣ ሰነድ ባንክ ውስጥ ነው፣ ተጠርጣሪው ውጭ ቢሆን ሊነካው አይችልም። የሆስፒታል ማስረጃም እንዲሁ። ምስክር ካልተሰማ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ ተጠርጣሪው ያውቃል ወይ፣ ሊያስፈራራቸው የሚችልበት ምን ነገር አለ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ አድራሻው፣ የቤተሰቡ ሁኔታ፣ ሥራው፣ ሕመሙ። ሁሉም በ2 ደቂቃ ይነገራል፣ ስለዚህ ተጽፎ ይዘጋጅ።

ዳኛው የተጠየቀውን 14 ቀን ሙሉውን ላይፈቅዱ ይችላሉ፤ 5 ወይም 7 ቀን ሲሰጡም ይታያል። የተሰጠውን ቀን፣ የተያዘውን ቀጠሮና ፖሊስ «ይቀረኛል» ያለውን ዝርዝር እዚያው ይጻፉ። ይህ ዝርዝር ለሁለተኛው ቀጠሮ ትልቁ መሣሪያዎ ነው። ሕጉ እያንዳንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይላል እንጂ ስንት ጊዜ መደጋገም እንደሚቻል ገደብ አላስቀመጠም። በእኛ አመለካከት ይህ የሕጉ ትልቅ ክፍተት ነው፤ ገደቡ የሚመጣው ከዳኛው ጥያቄ ብቻ ነውና። ዳኛው እንዲጠይቁ የሚያደርገው ደግሞ የተጠርጣሪው ወገን ነው። በሁለተኛው ቀጠሮ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባለፈው ቀጠሮ መርማሪው የ3 ምስክሮች ቃል ይቀረኛል ብሎ 10 ቀን ተፈቅዶለታል። ዛሬም የሚጠይቀው ለእነዚያው 3 ምስክሮች ነው። በ10 ቀን ውስጥ ምን እንደሠራ ከመዝገቡ ይታይልኝ። የቀረው የሰነድ ማስረጃ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ስለሆነ በእኔ መታሰር ላይ የሚመሠረት አይደለም። ቋሚ አድራሻ አለኝ፣ ዋስ አቀርባለሁ።»

መርማሪው የቀጠሮው ቀን ካልመጣ ወይም ተጠርጣሪውን ካላቀረበ ለችሎቱ ጸሐፊ ያመልክቱና በዚያው ቀን ትዕዛዝ እንዲሰጥ ይጠይቁ። ወደ ቤት አይሂዱ።

የዋስትና ማመልከቻ

ዋስትና በቃልም ይጠየቃል፤ ቁጥር 64 ግን የተፈረመ ማመልከቻ ይፈልጋል። ማመልከቻው የሚጠየቅበትን ምክንያትና የሚቀርበውን የዋስ ዓይነት ይይዛል። ፍርድ ቤቱ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል። የሚከለከልበት ምክንያት የተወሰነ ነው። ከባዱ፣ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣና ሰው የሞተበት ወይም ተጎጂው ሊሞት የሚችልበት ጉዳይ ነው። ከዚህ ሌላ በቁጥር 67 መሠረት ሊጠፋ ይችላል፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል፣ ወይም ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲገመት ነው። ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ይግባኙን ለማቅረብ የውሳኔው ግልባጭ ስለሚያስፈልግ ግልባጩን በተከለከለበት ቀን ይጠይቁ።

ከተፈቀደ በኋላ የሚፈጠረው መዘግየት የሚያስለቅስ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በጥቃቅን ምክንያት ነው። ገንዘቡን ያስያዙበትን ደረሰኝ ዋናውን ይጠብቁ። የመፍቻው ትዕዛዝ ላይ የታሰረው ሰው ስም ከነአባትና ከነአያት ጣቢያው መዝገብ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን፣ የጣቢያው ስምም ትክክል መሆኑን ፍርድ ቤቱ ቅጥር ግቢ ሳለ ያረጋግጡ። «ኃይሉ» እና «ሃይሉ» ተብሎ በመጻፉ ብቻ ትዕዛዙ ለእርማት ተመልሶ ሰው አድሯል። አርብ ከሰዓት በኋላ የወጣ ትዕዛዝ ቅዳሜና እሑድን ስለሚበላ ከተቻለ ጠዋት ገንዘቡን ያስገቡ። ዐቃቤ ሕግ ወይም ፖሊስ ይግባኝ ብሎ ዋስትናው በበላይ ፍርድ ቤት ሊታገድም ይችላል፤ እገዳ ካለ ግን በጽሑፍ ነው፣ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

ሽማግሌ ስለመላክ

በእኛ አገር ነገር ሲከፋ ሽማግሌ መላክ ደንብ ነው፤ መልካም ልማድም ነው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች ላይ እርቁ ጉዳዩን በእርግጥ ሊዘጋው ይችላል። ከባድ ጉዳት፣ ዝርፊያ፣ ግድያ ሲሆን ግን ተበዳይ ይቅር ቢልም ዐቃቤ ሕግ ይከስሳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ወደ ተበዳዩ ወይም ወደ ምስክሩ ቤት የሄደው ሽማግሌ «ምስክር እያባበሉ ነው» ተብሎ ዋስትና መከልከያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ወንጀሉ ከየትኛው እንደሆነ ጠበቃ ጠይቁ። ምስክር የሆነ ጎረቤት ካለ ስለ ጉዳዩ አትናገሩት፤ በፌስቡክና በቲክቶክም ስለ ጉዳዩ አትጻፉ። «መዝገቡን አዘጋለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ ገንዘባችሁን ይበላል፤ ባይበላም ጉቦ ሰጪ ያደርጋችኋል።

መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ እጅ ሲገባ

አንድ ቀን መርማሪው ችሎት ላይ «ምርመራዬን ጨርሼ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ አስረክቤያለሁ» ይላል። ቀኑን ይጻፉ፤ 15 ቀን ይቆጠራል። በዚያው ችሎት ዋስትናን እንደገና ይጠይቁ። ምርመራው ካለቀ ማስረጃ ያጠፋል የሚለው ምክንያት ቀንሷልና ይህ ጥሩ ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ይህን ዕድል ያልፈዋል።

ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን አንብቦ ከአራት አንዱን ያደርጋል፦ ክስ ይመሠርታል፣ «ይህ ይቀረዋል» ብሎ ለፖሊስ ይመልሳል፣ ቀዳሚ ምርመራ እንዲደረግ ያዛል፣ ወይም አያስከስስም ብሎ ይዘጋል። ቀዳሚ ምርመራ በዋናነት የግድያና የከባድ ውንብድና ጉዳይ ላይ የሚሆን ሲሆን የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች አስቀድመው በፍርድ ቤት ይሰማሉ። መዝገቡ ተመልሶ ፖሊስ ጋ ከሄደ «መዝገቡ ማን እጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ይነሣል፤ ቤተሰብ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሲመላለስ መዝገቡ ጣቢያ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በሳምንት 2 ጊዜ፣ በመዝገብ ቁጥሩ፣ በሁለቱም ቦታ ይጠይቁ።

ተጠርጣሪው በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበረ የሚያሳይ ደረሰኝ፣ የአውሮፕላን ወይም የአውቶቡስ ትኬት፣ የሥራ ቦታ የፊርማ መዝገብ ወይም የደኅንነት ካሜራ ካለ ዐቃቤ ሕጉ ከመወሰኑ በፊት በጠበቃ በኩል በማመልከቻ ይግባ። የካሜራ ምስል ቶሎ ይሠረዛል። የድርጅቱ ባለቤት እንዲያስቀምጠው በመጀመሪያው ሳምንት በደብዳቤ ይጠይቁ፣ ደብዳቤውን መቀበሉንም ያስፈርሙት።

ቀኑ ካለፈ

15 ቀኑ አልፎ ክስ ካልመጣ ለጊዜ ቀጠሮ ችሎቱ ያመልክቱ፦ መዝገቡ የተረከበበት ቀን፣ ያለፈው ቀን ብዛት፣ ክስ አለመቅረቡ፣ እንዲለቀቅ ወይም በዋስ እንዲወጣ የሚል ጥያቄ።

ሰውየው ጨርሶ ፍርድ ቤት ካልቀረበ፣ የቀጠሮው ጊዜ አልቆ ከቆየ፣ ወይም የተፈቀደለትን ዋስ ካሟላ በኋላ ካልተለቀቀ መንገዱ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ነው። ራሱ ታሳሪው ወይም ስለ እርሱ ሌላ ሰው ያቀርበዋል፤ ከቃለ መሐላ ጋር። ማን እንደያዘው፣ የት እንደሚገኝ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሕገ ወጥ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ይጻፍበታል። ፍርድ ቤቱ ያሰረው አካል ሰውየውን ይዞ እንዲቀርብ ያዛል። በሥራ ላይ ያለ የቀጠሮ ትዕዛዝ ካለ ግን ፖሊስ ያንን አቅርቦ አቤቱታው ውድቅ ይሆናል፤ በዚህ ምክንያት ቀኖቹን ሳይቆጥሩ አያቅርቡ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም የእስር ቦታ ስለሚጎበኝ የተደበደበ ወይም ያለበት የጠፋ ሰው ካለ ቅሬታ ይቀበላል።

ውሳኔው ሲታወቅ

ክስ ከተመሠረተ መጀመሪያ የሚታየው አንቀጹ ነው። ፖሊስ ሲያስር የጠራው ወንጀልና ክሱ ላይ የተጻፈው ሊለያዩ ይችላሉ፤ ዋስትና የሚፈቀድ መሆን አለመሆኑም ከዚያ በኋላ የሚታየው በክሱ አንቀጽ ነው። ከባድ ድብደባ ተብሎ የታሰረ ሰው በግድያ ሙከራ ሊከሰስ ይችላል፤ ተቃራኒውም ይሆናል። የክሱን ቅጂ ይውሰዱ፣ የማስረጃ ዝርዝሩንም። ጠበቃ የመግዛት አቅም ከሌለ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብ በመጀመሪያው ችሎት ይጠየቅ። በእስር ያለ ተከሳሽ ከጣቢያ ወደ ማረሚያ ቤት ሲዛወር ስንቅ የሚገባበት ቀንና ሰዓት ስለሚለወጥ አስቀድመው ይጠይቁ።

አያስከስስም ከተባለ ውሳኔውን በጽሑፍ ያግኙ። በቃል «ሂድ» ተብሎ የወጣ ሰው ከወራት በኋላ ለሥራ ወይም ለጉዞ የፖሊስ ማስረጃ ሲጠይቅ መዝገቡ ክፍት ሆኖ ያገኘዋል። በማስረጃ ማነስ የተዘጋ መዝገብ አዲስ ማስረጃ ከመጣ ይርጋው (ክስ ሊቀርብ የሚችልበት የጊዜ ገደብ) እስኪያልፍ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ይርጋው እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል 3 ዓመት ነው፣ ለከባዶቹ ደግሞ እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ የሰበሰባችሁትን ማስረጃ አትጣሉ። በኤግዚቢት (በማስረጃነት) የተያዘ ስልክ፣ መኪና ወይም ገንዘብ ካለ የውሳኔውን ቅጂ ይዘው ለመርማሪው ያመልክቱና ሲረከቡ ዕቃውን በዝርዝር ያስጽፉ። የዋስትናው ገንዘብ ደግሞ ካልተጠየቀ በራሱ አይመለስም፤ ፍርድ ቤቱ እንዲመለስ ትዕዛዝ እንዲሰጥ ማመልከቻ ይቅረብና የመጀመሪያው ደረሰኝ ይያያዝ። በአብዛኛው የሚከፈለው ደረሰኙ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው። ገንዘቡን ያስያዘው ሰው ባሕር ማዶ የሚኖር ወይም ለመሄድ የተነሣ ከሆነ ገና ሲያስይዝ አገር ውስጥ በሚቆይ ዘመድ ስም ያድርገው።